አሥራ አራት ጀሪካን

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው፣ ትንሽ ትልቁ፣ ጋሽ ቦኖ ነው የሚለው። የሰፈሩን ቦኖ ውኃ ሲጠብቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

ሥራውን ያገኘው ባለማውራቱ ነው። ያኔ የቧንቧውን ቦይ ከሚቆፍሩት የቀን ሠራተኞች አንዱ ነበር። ቧንቧው ተዘርግቶ ሲያልቅ መሐንዲሱ ሰዎቹን ሰብስቦ «ከእናንተ ውስጥ ይኼን የሚጠብቅ ማን ነው?» ቢል ሁሉም እኔ እኔ አሉ፤ እሱ ብቻ አካፋውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። መሐንዲሱ በጣቱ ጠቆመና «ይኼ ይሁን፤ ይኼ ከሴቶቹ ጋር አይጣላም» አለ። በቃ፣ በዚያው ቀረ። ከቦኖው ጀርባ ያለችው አንድ ክፍል ቤትም ከሥራው ጋር ተሰጠችው። ሚስት ያገባባት እሷ ውስጥ ነው፣ ልጅ ያሳደገባትም እሷ ውስጥ ነው።

ፊደል ይቆጥራል፣ ግን እንደ ምንም ነው። ስሙን ለመጻፍ ምላሱን ወጣ አድርጎ ጥቂት ይታገላል። ጀሪካን ግን እንደ ዳዊት ይደግማል። አፉ በቀይ ጨርቅ የተወተፈው የጫማ ሰፊው ነው። እጀታው በሽቦ የታሰረው የመበለቷ ነው። ሁለቱ ነጫጮች፣ ጎናቸው ላይ ሊጥ የደረቀባቸው፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ናቸው።

ጀሪካን ማወቁ ለከንቱ አይደለም። በዚያ ሰፈር ሰልፍ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው። ማታ ቦኖው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ሲሚንቶው ላይ በመጣበት ተራ ደርድሮ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ውኃው ሲለቀቅ ተራው እንዳለ ይጠብቀዋል። አንድ ጀሪካን ብቻ ያለው ደግሞ ድንጋይ ያስቀምጣል። ያንን ድንጋይ የሚነካ የለም። አንዳንድ ጊዜ አዲስ የቤት ሠራተኛ ወይ የማያውቅ እንግዳ ሊገፋ ሲሞክር ጋሽ ቦኖ ከመቀመጫው ብድግ ይልና «ጀሪካን ሰው ነው» ይላል። ከዚያ ይቀመጣል። ከዚህ የረዘመ ንግግር ሲያደርግ የሰማው የለም።

ከተራራው ወዲያ ጦርነቱ ሲፋፋም ሰዎቹ መጡ። መጀመሪያ በእግር፣ ኋላ በጭነት መኪና። የከተማው ምክር ቤት እንግዲህ መቼም አላሳፈረም። አሮጌውን የእህል መጋዘን አስጠርጎ፣ በሸራ ከፋፍሎ፣ አርባ ሦስት አባወራ አስገባ። መጸዳጃ ተቆፈረ። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ትምህርት ቤት ገቡ። የጤና ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትመላለስ ተደረገ። ውኃውን በሚመለከት ግን ውሳኔው አንድ መስመር ነበረች፤ «ከነዋሪው ጋር በጋራ ይጠቀሙ።» በጋራ ሲባል እንዴት እንደሆነ፣ ጀሪካን ማታ እንደሚደረደር፣ ድንጋይ ተራ እንደሚይዝ፣ የነገራቸው አንድም ሰው የለም። የሰፈሩ ሰው ከእናቱ ሆድ ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ፣ ይነገራል ብሎ ያሰበም የለም።

ጋሽ ቦኖ ግን አስቦ ነበር። አንድ ሁለቴ መጋዘኑ በር ድረስ ሄዷል። ሰዎቹ ተሰብስበው ሲያያቸው ግን ላብ ላብ አለውና ተመለሰ። ለማያውቁት ሰው «እንዴት አደራችሁ» ማለት ራሱ ለእሱ ዳገት ነው። ደግሞ እነሱ የሚመጡት ረፋድ ላይ፣ ሰፈርተኛው ቀድቶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ምን ቸገረኝ አለና ተወው።

ያቺ ጠዋት ክፉ ነበረች። ገና ጎህ ሲቀድ ሲነሣ የቦኖው መፍሰሻ በጭቃ ተደፍኖ ሲሚንቶው ላይ ውኃ ተኝቷል። አሥራ አራት ጀሪካን ተደርድሯል። አንድ በአንድ አንሥቶ ከግድግዳው ሥር አኖራቸው፤ መፍሰሻውን ጠርጎ በየተራቸው ሊመልሳቸው ነው። ጭቃውን ዛቀ፣ አጠበ። ቧንቧውን ቢከፍት ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ከላይ ታንከሩ ጋ ያለው መክፈቻ ተዘግቶ አድሯል ማለት ነው። «ፈጥኜ ከፍቼ ልምጣና እደረድራለሁ» አለ በሆዱ። ትልቁን የብረት ቁልፍ ትከሻው ላይ ጥሎ ዳገቱን ወጣ።

ጠባቂ ቦኖውን ለቆ አይሄድም፤ ይኼ በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ተጽፏል። ለቆ መሄድ ካለበት ሰው አስቀምጦ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ማንን ያስቀምጥ?

ሲመለስ ከሩቅ ጩኸት ሰማ።

ከመጋዘኑ አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት፣ አጠር ብላ ፈጠን ፈጠን የምትል፣ ሦስት ጀሪካን ይዛ መጥታለች። ያን ቀን በማለዳ የመጣችበት ምክንያት ነበራት፤ ማታውን አራት ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው፣ የጤና ሠራተኛዋ ሁሉን ነገር እጠቡ ብላለች። ሴትዮዋ ስትደርስ ቦኖው ባዶ፣ ሲሚንቶው ንጹህ፣ ውኃው ገና ፈሰስ ማለት ጀምሯል። ማንም የለም ብላ መቅዳት ጀመረች። ሁለቱን ሞልታ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ዳቦ ጋጋሪዋ ከች አለች። ነጫጭ ጀሪካኖቿ ከግድግዳ ሥር፣ ከሌላው ሰው ጀሪካን ጋር እንደ ቆሻሻ ተከምረዋል።

«ማን ነው የወረወረው?»

«እትዬ፣ እኔ ስመጣ እዚህ ምንም አልነበረም።»

«ምንም አልነበረም? እኛ እዚህ ምንም ነን?»

«እንደሱ አላልኩም...»

«ሃያ ዓመት የቆየ ተራ! በሦስት ሳምንት! ቤት ሰጠናችሁ፣ አሁን ደግሞ ከቦኖ ልታባርሩን?»

ሴቶች ተሰበሰቡ። ዳቦ ጋጋሪዋ የሞላውን ጀሪካን ልትጎትት፣ ልብስ ሰፊዋ አልለቅም ስትል፣ ጀሪካኑ ከሁለቱ እጅ አመለጠ። ሃያ ሊትር ውኃ በዳቦ ጋጋሪዋ እግር ላይ ወደቀ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር።

ጋሽ ቦኖ የደረሰው ይኼኔ ነው። ብረቱ ትከሻው ላይ እንዳለ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪዋ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ይዛ ወደ እሱ ቀና አለች።

«ጋሽ ቦኖ፣ ተናገር እንጂ! እነሱ አይደሉም የወረወሩት? ተናገር!»

አፉን ከፈተ። ጉሮሮው እንደ ሌሊቱ ቧንቧ ነው፣ ጠብ የሚል የለም። ሰውም ዝምታውን እንደ አዎ ቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሮጠ። ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ላይ ድንጋይ ተወረወረ። በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ተፈራርሞ አቤቱታ አስገባ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ምክር ቤቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ስደተኞቹ ከከተማው ወጥተው የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቀው፣ ዛፍ ወደሌለበት ሰፈራ ይሂዱ ወይስ ይቆዩ። ለጥንቃቄ ተብሎ አምስት የጭነት መኪና ለነገ ጠዋት ታዟል። እንግዲህ ለጥንቃቄ የታዘዘ መኪና ባዶውን ሲመለስ ማን አይቷል?

በዚያ ቀን ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አንሶላ አጣቢ ናት። አፏ የሁለቱንም ድርሻ ይናገራል። ሰምታ ስትጨርስ ግን ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ በሹክሹክታ፣

«ለማን ነግረሃል?»

«ለማንም።»

«ደግ አደረግህ። እንዳትናገር።»

ቀና ብሎ አያት።

«ምን ታየኛለህ? ሥራህን ከወሰዱ ቤቱም አብሮ ነው የሚሄደው። የት ልንገባ ነው? መጋዘኑ ውስጥ ልንገባ ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተናገር እያልኩ ስለምንህ ዝም ብለህ፣ ዛሬ አሁን አፍ ልታወጣ!»

«እውነቱ ግን...»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«መኪናው ነገ ነው የሚመጣው» አላት።

 ሳህኑን አንሥታ፣ የታጠበውን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ሲወጣም አልከለከለችውም፤ ይቅናህም አላለችውም።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በመጋዘኑ በኩል ነው። በሌላ በኩል መዞር ይችል ነበር። አልዞረም። በሩ ላይ ሰዎቹ ፍራሽ እየጠቀለሉ በገመድ ያስራሉ። ገና ሳይወሰን ማሰር ጀምረዋል፤ የተባረረ ሰው ወሬውን ቀድሞ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ተቀምጣ የጆንያ አፍ በወፍራም መርፌ ትሰፋለች። ስታየው ልትነሣ ሞከረች።

«ጋሼ፣ ይግቡ። መቀመጫ እንኳ...»

«አይ፣ አይ፣ ልለፍ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልን። በእኛ ምክንያት እርስዎንም አስቸገርን።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ያን ቀን ያልሰደበን እርስዎ ብቻ ነዎት። ለሰዎቼ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጨዋ ሰው አለ አልኳቸው።»

 ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፈጥኖ ሄደ፤ እግሩ ከእሱ የሚሸሽ ይመስል ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘጠኙ የምክር ቤት አባላት ከፊት፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። መሐል ላይ ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል። ከጎናቸው ሰው ሁሉ አቶ ደንቡ የሚላቸው አባል አሉ፤ «ደንቡ ምን ይላል?» ሳይሉ ውኃ አይጠጡም። ዳቦ ጋጋሪዋ ከፊት ወንበር ላይ፣ በጀሶ የታሰረ እግሯን ሌላ ወንበር ላይ አኑራለች። ስደተኞቹ እንዲገቡ አልተፈቀደም፤ ውጭ በረንዳው ላይ ይጠብቁ ተብሏል። ጋሽ ቦኖ የመጨረሻው አግዳሚ ጫፍ ላይ በግማሽ ቂጡ ተቀመጠ።

ክርክሩ ረዘመ። አንዱ ተነሥቶ «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ዛሬ ተራ የጣሰ ነገ ቤት ይጥሳል» አለ፤ ተጨበጨበለት። አንዷ አባል «ሕፃናት ታመዋል፣ መንገድ ላይ ቢሞቱ ማን ይጠየቃል?» ብትል ከኋላ አጉረመረሙባት። አቶ ደንቡ የሚወጣውን ድምፅ በጣታቸው እየቆጠሩ ነው፤ «ይሂዱ» የሚለው እንደሚያሸንፍ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«ወደ ድምፅ ከመሄዳችን በፊት ከሕዝቡ የሚናገር ካለ።»

ጋሽ ቦኖ የአግዳሚውን ጫፍ በሁለት እጁ ያዘ። ልቡ ተነሥ ተነሥ ይለዋል። ሰብሳቢዋ ወረቀት ሰበሰቡ። «ካልሆነ እንግዲህ...» ሲሉ ራሱን ቆሞ አገኘው። መቼ እንደተነሣ አያውቅም።

አዳራሹ ዞሮ አየው። አንዱ ከጎን «ዛሬ ጉድ ነው፤ ቦኖ ሊናገር!» አለና ሳቅ ሆነ።

«ጸጥታ» አሉ ሰብሳቢዋ። «ጋሽ ቦኖ፣ ምን ነበር?»

«እኔ... ጀሪካኖቹ...»

«ጮክ ይበሉ።»

«ጀሪካኖቹን ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ተቋረጠ።

«መፍሰሻው ተደፍኖ ነበር። አሥራ አራቱንም አነሣሁ። ልመልስ ነበር። ውኃ የለም፤ መክፈቻው ጋ ወጣሁ። ስመለስ...»  እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እሷ ስትመጣ ሲሚንቶው ባዶ ነበር። ውሸት አልተናገረችም።»

አቶ ደንቡ ብድግ አሉ። «ቦኖውን ለቅቀው ሄደዋል ማለት ነው? ደንቡ ምን ይላል?»

«አይፈቅድም ይላል።»

«ማንን አስቀመጡ?»

«ማንንም።»

«እና ሦስት ቀን ሙሉ?» አሉ ሰብሳቢዋ። ድምፃቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ተማሪያቸው እንደዋሸባቸው አስተማሪ ነበር። «ድንጋይ ሲወረወር? አቤቱታ ሲፈረም?»

 ምን ይበል? ፈራሁ ነው የሚለው። ደግሞ ሥራው ብቻ አይደለም የሚያስፈራው፤ ይኼው፣ እንደዚህ መቆሙ ነው።

ዳቦ ጋጋሪዋ ወንበሯን ይዛ ዞረች። «አንተ! በየጠዋቱ ትኩስ ዳቦ እየላክሁልህ! መሬት ላይ ተቀምጬ ስጠይቅህ ዓይንህን ተክለህ አየኸኝ አይደል?»

«አዎ።»

«አዎ ይላል ደግሞ!» አለችና ድንገት እንባዋ መጣ፤ የእልህ ይሁን የሕመም አይታወቅም። «እኔን ደግሞ ያቺን ሴትዮ ሌባ፣ አውሬ አሰኘኸኝ። ያላልኳት ነገር የለም። አሁን ያንን ማን ይመልስልኛል? እግሬስ ቢሆን ያው ተሰብሯል።»

ማንም ሊያጽናናት አልደፈረም። ሰብሳቢዋ ወደ ጋሽ ቦኖ ዞረው፣

«ጥፋቱን ሰማን። ግን የሰፈሩ ሰው ውኃ አነሰን ማለቱ ውሸት አይደለም። ዛሬ ይቆዩ ብንል ነገ በዚያው ቦኖ ሌላ እግር ይሰበራል። ይኼን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል። ምን ይደረግ ይላሉ?» አሉት።

ስለ ቧንቧ ሲጠየቅ ምላሱ ትንሽ ተፈታ። መጋዘኑ እህል በነበረበት ዘመን ለጽዳት የገባለት መስመር እንዳለ ተናገረ። ቦዩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነበር። እህሉ ሲቀር ጫፉ በቡሽ ተደፍኖ ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር አንድ ክንድ ተቀብሯል። ቡሹን አውጥቶ ቧንቧ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «ግፊቱም ከእኛ ቦኖ ይሻላል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፤ «ደግሞ... ተራውን ማንም አልነገራቸውም። እኔ ልነግራቸው ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ። የሚነግር ሰው ቢመደብ። የማያፍር።»

ማንም አልሳቀም።

ድምፅ ተሰጠ። አቶ ደንቡ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ይሂዱ የሚሉ አራት እጅ ወጣ። ይቆዩ የሚሉ... አራት። ሰብሳቢዋ ገና አላወጡም።  ሰብሳቢዋ ወደ አቤቱታው ፊርማዎች አዩ፣ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ እግር አዩ። ዳቦ ጋጋሪዋ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «ምን እኔን ታዩኛላችሁ? እኔ ተራዬን ነው የጠየቅሁት እንጂ ሰው አባሩልኝ አላልኩም» አለች። አቤቱታው ላይ የመጀመሪያው ፊርማ የእሷ ነበር፤ ያንን ግን ያስታወሳት የለም።

ሰብሳቢዋ እጃቸውን አወጡ።

አምስት ለአራት። ለሦስት ወር ይቆዩ፤ መስመሩ በሁለት ቀን ይከፈት፤ ከሰፈሩ ሁለት፣ ከመጋዘኑ ሁለት ሰው የውኃ ኮሚቴ ይሁኑ፤ የአካባቢው አሠራር ለመጡት በቃል ይነገር። ቀጥሎ አቶ ደንቡ እዚያው የጻፉትን ሌላ ወረቀት አነበቡ። የቦኖው ጠባቂ ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ይታገዳል። ቤቱን በሚመለከት በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

ጋሽ ቦኖ ሰማ። ሚስቱ ፊት እንዴት እንደሚቆም ያሰበው ያኔ ነው።

ሲወጣ ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከውስጥ የሚወጣውን ሰው ፊት እየተከተለች ታነባለች። እሱን ስታይ ቀረበችው።

«ጋሼ፣ ምን ተባለ?»

«መኪናዎቹ ይመለሳሉ።»

አልገባትም መሰለ። «ነገ አይመጡም?»

«አይመጡም። ሦስት ወር። ውኃም ይገባላችኋል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ወደ ራሷ ሰብስባ «እንዴት? ምን ሆነው ልባቸው ራራ?» አለች።

ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አንድ ጨዋ ሰው እንዳለች ትቀር ነበር።

«ጀሪካኖቹን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። አሁን ተናገርኩ።»

ቀና ብላ አየችው። ፊቷ ላይ ያለው ነገር ቀስ እያለ ተለወጠ።

«እርስዎ?»

«እኔ።»

«ሦስት ቀን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ልጄን ከሸራ ውጭ አላወጣኋትም። ድንጋዩ እንዳያገኛት። መጸዳጃ እንኳ...» ተነሣች። «ቀድሞ ቢናገሩ ምን ነበረበት? እኔ ቅድም ይቅርታ ስጠይቅዎት እንዴት ቻሉት?»

ደህና ሁን አላለችውም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መጋዘኑ መሮጥ ጀመረች። ከመንገዱ ማዶ «አንሄድም! ፍቱት! አንሄድም!» እያለች ስትጣራ ይሰማል።

ጋሽ ቦኖ በቀስታ ተከተላት። ወደ ቤቱ ቢሄድ መንገዱ ያው በዚያ በኩል ነው። መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ሰዎቹ የታሰረውን እየፈቱ ነው። የሚያለቅስ አለ፣ የሚስቅ አለ፣ ውሸት ነው የሚልም አለ። አንድ ሽማግሌ ከትልቅ ፍራሽ ጥቅል ጋር ይታገላሉ፤ ገመዱን አጥብቀው አስረውት ቋጠሮው እምቢ ብሏቸዋል።

«ወንድሜ፣ እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉት፤ ማን እንደሆነ አያውቁም።

ተንበረከከና ያዘ። ገመዱ ጠንካራ ነው፣ ጥፍሩን አደማው። ልብስ ሰፊዋ ከወዲያ ሆና አየችው። ሂድም አላለችውም፣ ናም አላለችውም። ሽማግሌው «ሳብ» ሲሉት ይስባል፣ «ልቀቅ» ሲሉት ይለቃል። አንዱን ፈትተው ወደሚቀጥለው ሄዱ።